ዓይን ሲንሸዋረር አንጐል ምን ይሆናል?

በአምቦም ሆነ በጉደር፥ በጊንጪም ሆነ በጌዶ፥ አንድ ሸውራራ ልጅ የማይታይበት ሰፈር እምብዛም አይገኝም። ልጁ ገና ከግቢ ሳይወጣ ቅጽል ስም ይወጣለታል፤ ትምህርት ቤት ሲገባም ስሙ አብሮት ይገባል። እናቲቱ ነገሩ አሳስቧት ጎረቤት ያማከረች እንደ ሆነ የምታገኘው መልስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ግድ የለሽም፥ ሲያድግ ይስተካከልለታል» ይሏታል። ቃሉ ለማጽናናት የሚነገር ስለ ሆነ ክፋት የለበትም። ነገር ግን ብዙ ልጆች አንድ ዓይናቸውን ያጡት ይህንኑ ቃል በማመን መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

«ዓይናቸውን ያጡት» ስንል ማጋነናችን አይደለም። ዓይኑ በቦታው አለ፤ ብሌኑ ጥቁር፥ ነጩ ንጹሕ ነው፤ ሐኪም በመሣሪያ ወደ ውስጥ ቢመለከት እንከን አያገኝበትም። ሆኖም አያይም፤ ወይም የሚያየው በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ነገር ነው። ጕዳቱ የደረሰው በዓይኑ ላይ ሳይሆን፥ ከዓይኑ የሚመጣውን ወሬ በሚቀበለው በአንጐል ውስጥ ነው፤ የደረሰውም ልጁ አፉን ፈትቶ «በዚህኛው አላይም» ለማለት ሳይበቃ ነው። ሐኪሞች ይህን ሁኔታ አምብሊዮፒያ ይሉታል። «ሰነፍ ዓይን» የሚሉትም አሉ፤ እኛ ግን ዓይኑ አንዳች ስንፍና ስለሌለበት ስሙን አንወደውም።

ጽሑፉ ለሕክምና ተማሪዎች ብቻ የተዘጋጀ አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎቹ ነገ በጄልዱ ወይም በባኮ አስተማሪ፥ የእርሻ ባለሙያ፥ የባንክ ሠራተኛ ይሆናሉ፤ ሁላችንም ደግሞ ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች አሉን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

በመጀመሪያ ስለ መንገዱ እንናገር። እያንዳንዱን ዓይን ወደ ላይና ወደ ታች፥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዞሩት ስድስት ጡንቻዎች አሉ። በዓይን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የተነጠፈው ስስ ሽፋን ሬቲና ይባላል፤ በሬቲናው መካከል አንዲት ጥቂት ጐድጐድ ያለች ነጥብ አለች። ፊደል የምናነብበት፥ መርፌ የምንሰካበት፥ የሰውን ፊት ለይተን የምናውቅበት በዚህች ነጥብ ነው። እንግዲህ ጡንቻዎቹ ሥራቸው የምናየውን ነገር ምስል ከሁለቱም ዓይኖች ነጥብ ላይ በአንድ ጊዜ ማሳረፍ ነው። ከእያንዳንዱ ዓይን ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ የነርቭ ክሮች ተነሥተው ወደ ኋላ ይጓዛሉ፤ በመንገድ ላይም ከአፍንጫ በኩል የመጡት ክሮች ወደ ማዶ ተሻግረው ከሌላው ዓይን ክሮች ጋር ይጓዛሉ። ከዚያ በአንጐል መካከል ካለ አንድ ጣቢያ ይደርሳሉ። ጣቢያው ስድስት ፎቅ አለው፤ ሦስቱ የቀኝ ዓይን፥ ሦስቱ የግራ ዓይን ናቸው። አስተውሉ፤ እስከዚህ ድረስ የሁለቱ ዓይኖች ወሬ ጎን ለጎን ይጓዛል እንጂ አልተቀላቀለም። ከጣቢያው ተነሥቶ በማጅራት በኩል ወዳለው የአንጐል ቅርፊት ሲደርስ ነው አንዱ ሴል ከሁለቱም ዓይኖች ወሬ ለመቀበል የሚችለው።

መገናኘታቸው ለምን ያስፈልጋል? ሁለቱ ዓይኖቻችን በመካከላቸው ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ስላላቸው የሚያዩት ሥዕል በጥቂቱ ይለያያል። አንጐል ከዚች ልዩነት ተነሥቶ የትኛው ነገር ቅርብ፥ የትኛው ሩቅ እንደ ሆነ ያሰላል። የሚጠራጠር ቢኖር ሁለት እስክሪብቶ በሁለት እጁ ይዞ፥ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፥ ጫፍና ጫፋቸውን ከጎን አቅጣጫ ለማጋጠም ይሞክር። ከዚያ ሁለቱንም ከፍቶ ይድገመው። ከጀበና ወደ ሲኒ ቡና የምትቀዳ ሴት፥ ኳስ የሚቀልብ ልጅ፥ በጨለማ ደረጃ የሚወርድ ተማሪ በየደቂቃው የሚገለገሉበት ይኸው ስሌት ነው።

በአንጐል ቅርፊት ላይ የቀኝና የግራ ዓይን ድርሻ የተደለደለበት አኳኋን ለአገራችን ሰው በቀላሉ የሚገባ ነው። ቦታው በጠባብ በጠባቡ እንደ ተሸነሸነ ማሳ ነው፤ አንዱ ቁራሽ የቀኝ ዓይን፥ ቀጥሎ ያለው የግራ፥ ደግሞ የቀኝ፥ ደግሞ የግራ እየሆነ ይቀጥላል። በጦጣ አንጐል ውስጥ የአንዱ ቁራሽ ስፋት ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ከመጀመሪያው መቀበያ በላይና በታች ባሉት ንብርብሮች ደግሞ ከሁለቱም ጎረቤቶች እኩል የሚቀበሉ ሴሎች ይገኛሉ፤ እነዚህን የደቦ መሬት እንበላቸው። አሁን ሁለት ነገር ማሰብ ይቻላል። አንዱ ጎረቤት አገር ጥሎ ቢሄድ ሌላው ድንበሩን እየገፋ መሬቱን ያርሰዋል። ሁለቱም ጎረቤቶች በቀያቸው እያሉ በአንድ ቀን አብረው መውጣት ቢያቆሙ ደግሞ የግል ማሳቸው ይታረሳል፤ ደቦው ግን ይፈርሳል። በሕፃን አንጐል የሚሆነው ከነዚህ ከሁለቱ አንዱ ወይም ሁለቱም ነው።

ሲወለድ ድንበሩ ገና አልጠነከረም። ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ወራት ዓይኖቹ አልፎ አልፎ ወዲያና ወዲህ ቢሄዱ የሚያስደነግጥ አይደለም። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ወር ባለው ጊዜ ግን ሁለቱ ዓይኖች ተባብረው ርቀትን ማየት ይጀምራሉ። ስለዚህ ከአራት ወር በኋላ አንደኛው ዓይን ዘወትር ወደ አፍንጫ ወይም ወደ ጆሮ ያዘነበለ እንደ ሆነ ጊዜ ይፈታዋል ብሎ መተው አይገባም።

አንድ ዐዋቂ ሰው በሕመም ወይም በአደጋ ምክንያት ድንገት ዓይኑ ቢንሸዋረር ሁሉ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየዋል፤ ደረጃ መውረድ ይሳነዋል፥ ራሱ ይዞራል፥ በመጨረሻም አንድ ዓይኑን በእጁ ይዞ ሐኪም ቤት ይመጣል። ሸውራራ ሕፃን ግን እንዲህ ሲቸገር አይታይም፤ ያለ ጭንቀት ይጫወታል። ለምን ቢሉ፥ የሕፃን አንጐል ገና ለጋ ስለ ሆነ፥ ሁለት የማይስማሙ ሥዕሎች ሲመጡበት አንደኛውን አፉን ይይዘዋል። ቀኝ ዓይን የእናቱን ፊት ሲያሳየው ግራው በሩን ቢያሳየው፥ የበሩን ወሬ አይቀበልም። ይህ ለዕለቱ ብልህነት ነው። ዘወትር ዝም እንዲል የሚደረገው ያው አንዱ ዓይን የሆነ እንደ ሆነ ግን፥ ከወራት በኋላ «ተናገር» ቢሉትም የሚናገርበት መሬት አይኖረውም፤ ጎረቤቱ አርሶታል። አንዳንድ ሸውራራ ልጅ ደግሞ አንዴ በቀኙ፥ አንዴ በግራው እያፈራረቀ ያያል። እንዲህ ያለው ልጅ ሁለቱም ዓይኖቹ ጥሩ ሆነው ሊያድጉ ይችላሉ፤ የሚያጣው ደቦውን፥ ማለት በሁለት ዓይን ተባብሮ ርቀትን ማየትን ነው።

ሐኪሞች የሚያየውን ዓይን ሸፍኖ የደከመውን ማሠራት እንደሚጠቅም ካወቁ ረጅም ጊዜ ነው፤ ፈረንሳዊው ቡፎን በ1743 ይህንን ጽፎ ነበር። ይሁን እንጂ ከራስ ቅል ውስጥ ምን እንደሚፈጸም በዓይኑ ያየ አልነበረም። ይህን የገለጡት በካናዳ የተወለደው ዴቪድ ሂዩብልና ስዊድናዊው ቶርስተን ዊዝል ናቸው። ሁለቱ ሰዎች በአሜሪካ በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ሲሠሩ እጅግ ቀጭን ሽቦ ወደ ድመት አንጐል እያስገቡ የአንዱን ሴል ንግግር ብቻውን ለይተው ያዳምጡ ነበር። በ1963 ባወጡት ጽሑፍ ያስረዱት ይህ ነው፤ የድመት ግልገል ከተወለደች ጀምሮ አንዱ የዓይን ቆቧ ለሁለት ወይም ለሦስት ወር ተሰፍቶ ቆይቶ ሲከፈት፥ በአንጐሏ ቅርፊት ውስጥ ያሉት ሴሎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ለተከፈተው ዓይን ብቻ የሚመልሱ ሆነው ተገኙ። የተዘጋው ዓይን ራሱ ደኅና ነበር። በጣቢያው ውስጥ የእርሱ ድርሻ የሆኑት ሴሎችም መንምነው ነበር። የጎለመሰች ድመት ዓይን ግን ለዚያው ያህል ጊዜ፥ ከዚያም ለበለጠ፥ ቢዘጋ አንዳች ለውጥ አልመጣም። ጕዳቱ የመዘጋት ብቻ ሳይሆን የዕድሜም ጕዳይ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ቀጥሎ የመጣው ሙከራ ከርእሳችን ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ነው። በ1965 የግልገሎችን ዓይን ሳይዘጉ፥ ገና የስምንት ወይም የዐሥር ቀን ዕድሜ ሳሉ ዓይንን ወደ አፍንጫ የሚስበውን ጡንቻ ብቻ ቈረጡ። ዓይኑ ወደ ውጭ ዞሮ ቀረ። ብርሃን አልተከለከለም፤ ሥዕልም አልተጋረደም፤ የሁለቱ ዓይኖች ሥዕል አለመገጣጠሙ ብቻ ነው። በጤነኛ ድመት ከመቶ ሴሎች ሰማንያ ያህሉ ከሁለቱም ዓይኖች የሚቀበሉ ሲሆኑ፥ በነዚህ ግልገሎች ከመቶ ሃያ ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኙ። ሌሎቹ ለአንዱ ወይም ለሌላው አድረዋል። ግልገሎቹ በየተራ በሁለቱም ዓይን ያዩ ስለ ነበር የአንዱ ዓይን ጉልበት አልጠፋም፤ ደቦው ግን ፈርሷል። በዚያው ዓመት ሁለቱም ዓይኖች የተዘጉባቸውን ግልገሎች ሲመረምሩ ደግሞ ጕዳቱ እጥፍ ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ፥ ብዙ ሴሎች ለሁለቱም ሲመልሱ ተገኙ። እንግዲህ የሚጐዳው ሥራ መፍታት ብቻ ሳይሆን ውድድር ነው ማለት ነው፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው ባይነቃ ኖሮ ድንበር የሚገፋ አይኖርም ነበር። ሁለቱ ሊቃውንት በ1981 ከሮጀር ስፔሪ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፍለዋል። በግልገል ዓይን ላይ መርፌ መሰንዘሩ የሚያሳዝናቸው ጓደኞች እንዳሉን እናውቃለን፤ እኛንም ያሳዝነናል። ነገር ግን ከዚያ በፊት «ልጁ ይደግና ይታከማል» የሚለውን ምክር ሐኪሞች ራሳቸው ይሰጡ እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል።

የሰው ልጅ እንደ ድመት በሦስት ወር አይጨርስም። ለጕዳት በጣም የተጋለጠው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው፤ ከዚያም እየቀነሰ ሄዶ እስከ ሰባትና ስምንት ዓመት ይቆያል። በዓለም ከመቶ ልጆች ከአንድ እስከ ሦስት ያህሉ እንዲህ ያለ የደከመ ዓይን እንዳላቸው ይገመታል። ሁሉም ሸውራሮች አይደሉም፤ የአንዱ ዓይን ብርታት ከሌላው እጅግ ስለሚለይ ብቻ፥ ከውጭ ምንም ሳይታይ የሚደክምም አለ። ይህኛው ጨርሶ ስለማይታወቅ የባሰ ነው፤ ባለቤቱ ነገሩን የሚሰማው መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ዓይኑን ሲመረመር ነው።

ሸውራራ የሚመስል ሁሉ ሸውራራ አለመሆኑንም መናገር አለብን። አፍንጫው ሰፋ ያለ፥ በዓይኑ ጥግ ቆዳ የተደረበበት ሕፃን ዓይኖቹ ቀጥ ብለው ሳሉ ወደ ውስጥ የዞሩ ይመስላሉ፤ «ሲያድግ ተስተካከለለት» የሚባለው ወሬ ከነዚህ ልጆች የመጣ ሳይሆን አይቀርም ብለን እናስባለን። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ሲሞላው፥ ሥዕል ትኩር ብሎ ሲያይ ዓይኑ ወደ አፍንጫ የሚገባበት ልጅም አለ። የዚህ ልጅ ችግር ቅርብ ለማየት ዓይኑ ከመጠን በላይ መድከሙ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ መነጽር ብቻውን ያቃናዋል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ መንሸዋረሩ የሌላ በሽታ ምልክት ሲሆን ነው። የዓይን ሞራ ሕፃንንም ይይዛል። ሬቲኖብላስቶማ የሚባለው የሕፃናት የዓይን ነቀርሳ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ በብሌኑ ውስጥ ነጭ ነገር ሲያበራ፥ አለዚያም ዓይኑ ሲንሸዋረር። በዚህ ጊዜ ጕዳዩ የማየት ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጕዳይ ስለ ሆነ ቀጠሮ አይሰጠውም።

ሕክምናው እንደ በሽታው ስውርነት የተወሳሰበ አይደለም። መነጽር የሚያስፈልገው መነጽር ያደርጋል። ከዚያ ብርቱው ዓይን በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ይሸፈናል። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሰናከላል፤ «ደኅናውን ዓይን ሸፍነው ልጄን ሊያሳውሩብኝ ነው» የምትል እናት ብትኖር አይፈረድባትም። ልጁም ያለቅሳል፥ መሸፈኛውን ይነቅላል፤ ምክንያቱም በደከመው ዓይን ብቻ ሲቀር ዓለም ይጠፋበታል። ድንበሩን ወደ ቦታው ለመመለስ ግን የገፋው ጎረቤት ለጊዜው ገለል ማለት አለበት። በአሜሪካ የተደረገና በ2003 የወጣ ጥናት ከሰባት ዓመት በታች ላሉና ድካማቸው መካከለኛ ለሆነ ልጆች በቀን ሁለት ሰዓት መሸፈን ስድስት ሰዓት ከመሸፈን እንደማያንስ አሳይቷል። ይህ ለደኻ ቤተሰብ ትልቅ ምሥራች ነው፤ ልጁ ተሸፍኖ ትምህርት ቤት ሄዶ መሳቂያ ሳይሆን፥ ማታ ከእናቱ ዘንድ ተቀምጦ ምስር እየለቀመ ሕክምናውን ሊፈጽም ይችላል። ባለ አንድ ዓመት ቀዳሚ የሆነው የ2002 ጥናት ደግሞ በ419 ልጆች ላይ ተደርጎ፥ በመሸፈን ፈንታ በብርቱው ዓይን ላይ የአትሮፒን ጠብታ በመጨመር የቅርብ እይታውን ማደብዘዝ ከስድስት ወር በኋላ ተቀራራቢ ውጤት እንደሚሰጥ አስረድቷል። የዕፀዋት ተማሪዎች አትሮፒን ምን እንደ ሆነ ያውቃሉ፤ በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው አስተናግር፥ አጠፋሪስ የሚባለው፥ ይህንኑ መርዝና ዘመዶቹን በውስጡ ይዟል። ይህን የምንለው ለዕውቀት ያህል ነው፤ ቅጠሉን ጨምቆ በልጅ ዓይን ላይ ማድረግ ልጁን ለሞት ሊያደርስ ስለሚችል ማንም እንዳይሞክረው።

የቀዶ ጥገናው ነገር ብዙ ጊዜ በስሕተት ይተረጐማል። ሐኪሙ የሚቈርጠውና የሚሰፋው የዓይንን ጡንቻ ነው፤ አንጐልን አይነካም። ገና ስድስት ወር ሳይሞላው የተንሸዋረረ ሕፃን ሁለት ዓመት ሳይሞላው ዓይኑ ቢቃና ደቦው በመጠኑ የመቋቋም ዕድል አለው። በሃያ ዓመቱ የተቃናለት ጐልማሳ መልኩ ያምርለታል፤ ሰው ቀና ብሎ ለማየት አያፍርም፥ ይህም ራሱ ትንሽ ነገር አይደለም። ያልበራው ዓይን ግን በቀዶ ጥገናው ምክንያት አይበራም። ለዓመታት ገንዘብ አጠራቅሞ ይህን ሳያውቅ ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው ኀዘኑ ድርብ ይሆናል።

ታዲያ ሰባት ዓመት ያለፈው ልጅ ተስፋ የለውም ማለት ነውን? አይደለም። በ2005 የወጣ ሌላ ጥናት ከሰባት እስከ ዐሥራ ሰባት ዓመት ያሉትን 507 ልጆች ተከታትሏል። ከሰባት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ካሉት ውስጥ መነጽር፥ መሸፈኛና ጠብታ ከተሰጣቸው ከመቶ 53ቱ በግልጽ ሲሻሻሉ፥ መነጽር ብቻ ከተሰጣቸው የተሻሻሉት 25 ናቸው። ከዐሥራ ሦስት ዓመት በላይ ካሉት ደግሞ ከዚያ በፊት ምንም ዓይነት ሕክምና አግኝተው የማያውቁት ከመቶ 47ቱ ተሻሽለዋል። የኛ አገር ልጆች አብዛኞቹ በዚህ በመጨረሻው ወገን ያሉ ስለ ሆኑ ይህን ቍጥር በደንብ ልንይዘው ይገባናል። መሻሻል ማለት ግን እንደ ብርቱው ዓይን መሆን አይደለም።

ከዚህም የሚገርም አለ። አሜሪካዊቷ የነርቭ ሳይንስ መምህርት ሱዛን ባሪ ከሕፃንነቷ ጀምራ ሸውራራ ነበረች፤ በልጅነቷ ሦስት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ዓይኖቿ ቀና ቢመስሉም ተባብረው አያዩም ነበር። ተማሪ ሳለች የነሂዩብልን ሙከራ በክፍል ውስጥ ስትማር የራሷን ዕጣ የተረዳች መስሏት ነበር። በ2002 የአርባ ስምንት ዓመት ሴት ሆና ረጅም የዓይን ልምምድ ካደረገች በኋላ ግን ርቀትን ማየት ጀመረች፤ ታሪኳንም በ2009 በመጽሐፍ አወጣችው። በሩ በአንድ ቀን ተዘግቶ የሚቈለፍ አለመሆኑን ከርሷ እንማራለን። ሆኖም እርሷ የደረሰችበት ለመድረስ የአካል ልምምድ፥ ጊዜ፥ ባለሙያና ገንዘብ ያስፈለጋት ሲሆን፥ ሦስት ዓመት ለሆነው ልጅ ሁለት ሰዓት ጨርቅና ሙጫ ሊበቃው ይችላል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ2005 እና በ2006 በኢትዮጵያ በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከመቶ ሰው 1.6 ዕውር፥ 3.7 ደግሞ የማየት ኀይሉ ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። ለዕውርነት ዋናው ምክንያት ከመቶ 49.9 የሚሆነውን የያዘው የዓይን ሞራ ሲሆን፥ በትራኮማ ጠባሳ የመጣው 11.5 ነው። ስለዚህም ገንዘቡና ባለሙያው ወደነዚህ ሁለቱ ማዘንበሉ ተገቢ ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን አንድ ነገር እንዲስተዋል እንፈልጋለን። በዓለም የጤና ድርጅት ትርጓሜ ሰው ዕውር የሚባለው በሚሻለው ዓይኑ እንኳ ማየት ሲሳነው ነው። እንግዲህ አንድ ዓይኑ ደኅና የሆነለት፥ ሌላው ግን በአንጐሉ ውስጥ የጠፋበት ልጅ በዚህ ቍጥር ውስጥ አይገባም። ሁለቱን ያጣ ይቈጠራል፤ አንዱን ያጣ አይቈጠርም።

አንድ ዓይን ይበቃል የሚል ሰው በገጠር የልጅ ኑሮ ምን እንደሚመስል ይመልከት። እንጨት ለቀማ፥ ከብት ጥበቃ፥ እሾህ፥ የጅራፍ ጫፍ፥ በወቅቱ በአውድማ ላይ የሚበነው እብቅ፥ ይህ ሁሉ በዚያች በአንዲቱ ደኅና ዓይን ላይ የተነጣጠረ ነው። ሁለት ዓይን ያለው ልጅ እሾህ ቢወጋው አንድ ዓይን ይቀረዋል። ያ ልጅ ግን በዚያኑ ቀን በጥናቱ ትርጓሜ የሚቈጠር ዕውር ይሆናል፤ የቀረው ዓይን እንከን የሌለበት ሆኖ ሳለ።

ሕክምናው ሩቅ ነው መባሉም ግማሽ እውነት ነው። ከአምቦ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ትምህርት ክፍል የሚገኝበት ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም እዚያ አለ። ከጌዶና ከባኮ ለሚመጣ ገበሬ ግን ጕዞው፥ ማደሪያውና የሚባክነው የሥራ ቀን ሲደመር ቀላል አይሆንም፤ ክትትሉ ደግሞ አንድ ጊዜ ደርሶ በመመለስ አያልቅም። ስለዚህ ቤተሰቡ ይህን ወጪ የሚያወጣው ነገሩ የመልክ ሳይሆን የማየት ጕዳይ መሆኑን ያስረዳው ሰው ሲያገኝ ነው። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሕፃናትን ለክትባት በሚያዩበት ጊዜ ዓይናቸውንም ቢያዩላቸው ብዙው ነገር በዚያ ይጀመር ነበር።

በክረምት ወደየቤታችን ስንሄድ እኛም ልናደርገው የምንችለው አለ። ሕፃኑን እናቱ ጭን ላይ አስቀምጦ፥ ትኩረቱን የሚስብ ትንሽ ነገር ከፊቱ ይዞ፥ አንድ ዓይኑን በእጅ መሸፈን ነው። ያልተሸፈነው ዓይን ያን ነገር ለማየት ከቦታው ዘወር ካለ፥ አስቀድሞ አልተመለከተም ነበር ማለት ነው። ከዚያ ሌላውን ሸፍኖ መድገም ነው። አንዱ ሲሸፈን ዝም ብሎ ሌላው ሲሸፈን የሚያለቅስና እጃችሁን የሚገፋ ሕፃን በየትኛው ዓይኑ እንደሚያይ ራሱ ነገራችሁ። በማታ የእጅ ባትሪ ከአንድ ክንድ ርቀት ስታበሩበት ብልጭታው በሁለቱም ብሌኖች ላይ ከአንድ ዓይነት ስፍራ ማረፉንም ተመልከቱ።

ከሦስትና ከአራት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ፥ ፊደል ባይቈጥርም፥ ሌላ ዘዴ አለ። ሐኪም ቤቶች ሦስት ጣት ያለው የፈረንጅ ፊደል ወደ አራት አቅጣጫ እያዞሩ ያሳያሉ፤ እኛ ንጉሡ «ሠ» አለን። በወፍራም ጥቁር ቀለም ቁመቱን 17 ሚሊ ሜትር ያህል አድርጋችሁ በነጭ ካርቶን ላይ ጻፉት፤ ልጁን ስድስት ሜትር አርቃችሁ በብርሃን አቁሙት፤ ካርቶኑን ወደ ላይ፥ ወደ ታች፥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞራችሁ የ«ሠ» እግሮች የሚያመለክቱበትን በጣቱ እንዲያሳይ አድርጉ። በመጀመሪያ በቅርብ አለማምዱት። ቀጥሎ አንድ ዓይኑን በመዳፍ ሸፍናችሁ፥ በጣቱ መካከል አጮልቆ እንዳያይ ተጠንቅቃችሁ፥ ከዚያ ሌላውን። መለኪያው እንደ ሐኪም ቤቱ ትክክለኛ አይደለም፤ የምንፈልገው ግን በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በአንዱ አራቱንም አሳይቶ በሌላው የሚደናበር ልጅ ካገኛችሁ፥ ዓይኖቹ ቀጥ ያሉ ቢመስሉም እንኳ፥ ዕድሜውንና የደከመውን ዓይን በወረቀት ጽፋችሁ ለወላጆቹ ስጧቸው፤ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ያንን ያሳዩ።